የአሸዋ ሂሳብ

ደቻቱ አፋፍ ላይ፣ ከኒሟ ጥላ ሥር፣
ደብተር ይዤ እውላለሁ ሲኖትራክ ስቆጥር።
አንድ መኪና፣ አንድ ጭረት፤
አምስተኛዋን በአግድም መምታት።
በቀይ የምጽፈው "ወጪ" እስከ ታች ሞልቷል፣
በጥቁር የሚጻፈው "ገቢ" ነጭ ሆኖ ቀርቷል።
ለወንዝ ማን ያስገባል? ማንስ ይፈርማል?
ወንዝ ደረሰኝ የለው፣ ዝም ብሎ ይሰጣል።

ሮብሌ ማለት "ከዝናብ ጋር የመጣ" ነው በሶማልኛ፤
ዛሬ ግን እሱም በጄሪካን ውሃ ይገዛል እንደኛ።
"አባቴ" ይለኛል፣ አካፋውን ተደግፎ፣
"ግመሎቹን እዚህ ያጠጣ ነበር፣ አሸዋውን በእጁ ገፍፎ፤
ጉድጓዱ ክንድ ሳይሞላ ውሃው ይመጣል ጠርቶ፣
እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት፣ ከታች በር ከፍቶ።
አሁን ሁለት ሰው ቁመት ቆፈርን፣
አቦ! ፌስታል አገኘን።"

ወንዙን ማማት አልወድም፤
እሱም ቆሞ አያውቅም።
ይህ አሸዋ ተራራ ነበር፣ ደንገጎ ላይ የተቀመጠ፣
ነፋስ በላሰው ቁጥር፣ ዝናብ በነካው ቁጥር የቀለጠ፤
በሺህ ክረምት አንድ ጋት፣ በሺህ ክረምት አንድ ስንዝር፣
ሳይቸኩል የወረደ፣ ያለ አካፋ፣ ያለ ብድር።
የኖራ ድንጋዩ ሆድ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣ አለ፤
ዛጎሉን አንድ ቀን ሮብሌ ከወንፊቱ ላይ ነጠለ።
"ባሕር ነበር ማለት ነው?" አለኝ በመዳፉ ይዞት።
"ነበር" አልኩት። ጆሮው ላይ አስጠጋው፣ ያ ማዕበል ያለ መስሎት።
ባሕሩ ሄደ፣ ተራራ መጣ፤ ተራራው ሄደ፣ አሸዋ፤
መሄድስ ያለ ነው። ግን በዚህ ፍጥነት?
ዋ!

ላይ ደንገጎ፣ ግራሩ በከሰል ጆንያ ወረደ፣
ሥሩ ይዞት የኖረው አፈር ተከትሎት ነጎደ።
በቦታው ጫት ቆመ፤ አረንጓዴ ነው እሱም፣
ከሩቅ ሲያዩት ደን ነው፣ ሲጠጉት ጥላ የለውም።
ታች ሜዳው ላይ ደግሞ፣ ፕሮሶፒስ የሚሉት፣
ነፋስ ያስቁም ብለው ከማዶ ያመጡት፤
ፍየል ፍሬውን በላች፣ በየሄደችበት ዘራች፣
አዴ ሙሚና ሳር ልታጭድ ወጥታ እሾህ ለቅማ ተመለሰች።
"እንግዳ ነው ብለን" ትላለች፣ "መደብ ሰጠነው፣ ውሃ፤
ዛሬ ባለርስቱ እሱ፣ እኛ በገዛ ሜዳችን ድሃ።"
ይህን ስትል የምትሸጠው ከሰል ከዚያው ዛፍ የነደደ፤
እኔም የተጠለልኩባት ኒም፣ ዘሯ ከህንድ የተሰደደ።
ማንን ልክሰስ?

ነሐሴ፣ ሌሊት። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከብ ሞልቶ፤
ደንገጎ ላይ ግን ዘነበ። ውሃው የሚይዘው ሥር አጥቶ
ደቻቱ መጣ።
ሲመጣ ድምፁ ባቡር ነው፣ ያ የድሮው የፈረንጅ ባቡር፤
ጡረተኛው ሙሴ ዳምጠው ፋኖስ ይዞ ወጣ፣ ሊያሳልፈው በክብር።
የቆፈርነውን ጉድጓድ እየሞላ፣ ዳር ዳሩን እየበላ፣
አልጋ ይዞ፣ በር ይዞ፣ አንድ ኩሽና ከነሙሉ ገላ።

ጠዋት ደለሉ ላይ ቆምን። አዲስ አሸዋ፤ ወንዙ መለሰ።
ሮብሌ በወንፊት ሲነፋ የግድግዳ ቁራጭ ደረሰ፤
ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ በምስማር የተጫረበት
ከታች ወደ ላይ የሚወጣ፣ የአንድ ልጅ ቁመት ልኬት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አምስተኛዋ የለችም።
"ይህን አሸዋ እኔ ነኝ የጫንኩት" አለ፣ "እጄ አይስተውም።"
ቁራጩን ከዛጎሉ ጋር ኪሱ ውስጥ ከተተ።
መኪናው ግን ሞልቶ ቆሟል፤ ሞተሩ ተንተከተከ፣ ተንተከተከ።

ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ "ቆጣሪ! ጻፍ እንጂ!" አለኝ፤
ቀይና ጥቁር እስክሪብቶ ይዤ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።